ሰማያዊዋን የመረጥኳት እኔ ነኝ

መኪናዋን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ይህን ባልኩ ቁጥር እናቴ «የአሥር ዓመት ልጅ ምን ትመርጣለች፣ አባትሽ ነው እንጂ» እያለች ልታስተባብልልኝ ትሞክራለች። ወንድሜ ሌታ ግን አያስተባብልም፤ ዝም ብሎ ይስቃል። እሱ የሚስቀው ስላለፈለት ነው። በዚያች ፒክአፕ ምክንያት ወንድሜ በተወለደበት ከተማ ስድስት ወር ሙሉ ጆሮ ጠቢ ተብሎ ኖሯል። እኔ ደግሞ በእነዚያ ስድስት ወሮች እንደኛ ቤተሰብ የተከበረ ሰው አምቦ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ እናቴ ድንቅቱ «ኧረ አንቺ ልጅ አንድ ቦታ ቁጭ በዪ! ታኢ!» እያለች በአማርኛም በኦሮምኛም ስትቆጣኝ ትውላለች። ቁጭ ማለት ያቃተኝ ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። አባቴ እራት ቀርቦለት ሦስት ጊዜ እየተነሳ የግቢውን በር ከፍቶ ያያል። ባጃጅ ነጂዎች ተሰብስበው ሲያወሩ የማያውቁት ሰው ካለፈ ወሬያቸውን ቆርጠው የባጃጃቸውን ጎማ በእግራቸው መምታት ይጀምራሉ። ባለሱቆች ከበራቸው አንዱን ክንፍ ብቻ ከፍተው ይሸጣሉ። እኔ ይህን ሁሉ የክረምቱ ጠባይ ነው ብዬ ነበር የማየው።

ሌታ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤቱ አልሞላለትም፤ ከዚያ ወዲህ ሲወጣ ሲገባ ይውላል። ከጎረቤታችን ከእትዬ አመለሸጋ ልጅ ከታምራት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ታምራት ግን ከጥቅምት ጀምሮ አልነበረም። «ታሞ ነው፣ ሩቅ አገር እየታከመ ነው» ብለውኛል። ይህን ያህል ወር የሚያስተኛው ምን በሽታ እንደሆነ ስጠይቅ እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «የአጥንት» አለችኝ። እኔም አመንኩ። በሽታው እስር ቤት የሚባል እንደሆነ ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ታምራት የተወሰደበት ሳምንት ሌታ አባታችን ልኮት ሸነን አጎታችን ጋ ድንች ሲያስጭን ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አብሮ ያልተለቀመው።

አንድ ማታ አባቴ እጁን ሳይታጠብ ቆሞ «ፒክአፕ እንገዛለን» አለ። «ሌታ ይነዳል።»

ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ። ለአንድ ብስክሌት ዓመት ሙሉ አልቅሼ «ገንዘብ ከየት ይምጣ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ፈተና የወደቀው ልጅ ግን መኪና ሊገዛለት ነው! እናቴም የገረማት መሰለኝ።

«መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወር አልሞላው ቀጀላ፤ ገና ልጅ እኮ ነው» አለችው።

«ሸነን ይደር፣ ወንጪ ይዋል። ሥራ ይኑረው። እዚህ አስፋልት ላይ ብቻ አይቁምብኝ።»

እኔ የገባኝ አባቴ ለሌታ አገር ምድሩን እንዲዞርበት ሰጥቶ እኔን ከእናቴ ጋር ሊቆልፍብኝ እንደሆነ ነው። ተነስቼ ወጣሁ፤ ማንም አልተከተለኝም። አባቴ ከሸነን ድንችና ቡላ እያመጣ የሚነግድ ሰው ስለነበር መኪናው ለሥራው እንደሚጠቅመው እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ልጁን ከከተማው ማራቅ ነበር። ያን ሳምንት ብቻ ከሰፈራችን ሁለት ልጆች ተወስደዋል።

መኪና ፍለጋው ላይ እኔም የተጨመርኩት በእግሬ ምክንያት ነው። እግሬ እርጥብ ነው ይባላል። የእህል ነጋዴው ኦቦ ባይሳ ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑን ሲከፍት ማንም ሳይገባ በፊት እኔን ይጠራኛል። «ኮቱ ዱሬቲ፣ ነዪ ልጄ፣ ረግጠሽልኝ ውጪ!» ገብቼ፣ አንዴ ዞሬ፣ ከረሜላዬን ተቀብዬ እወጣለሁ። እኔ የረገጥኩለት ቀን ገበያው ይደራለታል። አባቴም ትልቅ ነገር ሲገዛ ወይ ሲሸጥ ያለ እኔ አይሆንለትም፤ በሬም ሲገዛ ወስዶኛል። «ትምጣ፣ እግሯ ደግ ነው» አለ። እኔም ወንድሜን ያኮረፍኩት ኩርፊያ በአንድ ጊዜ ጠፋልኝና ጫማዬን ስፈልግ አደርኩ።

ከእኛ ጋር ፈዲሉ ነበር። ፈዲሉ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው አምቦ የወለዱት መካኒክ ነው፤ አባቴ ያለ እሱ ምስማር እንኳን አይገዛም። ኪሱ ውስጥ በሕፃን ልጅ ካልሲ የተጠቀለለ ማግኔት ይዞ ይዞራል። ማግኔቷን ወደ መኪናው ጎን ሲያስጠጋት ብረቱ ደህና ከሆነ ቀጭ ብላ ትይዛለች፤ ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ከሆነ መዳፉ ላይ ትወድቃለች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ አስማት አልነበረም።

የመጀመሪያዋን ጊንጪ አየናት። ቀይ ነበረች፤ ከመሪዋ ፊት ለፊት የፕላስቲክ አበባ ተደርድሮ፣ ወንበሯ የበግ ለምድ ለብሶ። ገና ሳያት ልቤ ጠፋ። ፈዲሉ ማግኔቷን በበሩ ላይ አስኬዳት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፤ መዳፉ ላይ ወደቀች። «በዚህ በኩል ገልብጠዋታል» አለ ባለቤቱን ሳያይ። አባቴ አመስግኖ ወጣ። እኔ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር የሄድኩት።

ሁለተኛዋ ጉደር ነበረች። ነጭ ናት። ፈዲሉ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋና ፈገግ አለ።

«ወላሂ ኦቦ ቀጀላ፣ ይቺ ሰዓት ናት! ዓይንዎን ጨፍነው ይግዟት።»

አባቴ አንድ ጊዜ ዞራት። «ነጭ አልፈልግም» አለ።

ፈዲሉ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔ ግን ጠየቅሁ።

«ቶሎ ትቆሽሻለች» አለኝ አባቴ።

«እኔ በየቀኑ አጥባታለሁ! በየቀኑ! አባዬ ሙት!»

«አባዬ እውነቱን ነው፣ ተይው» አለኝ ሌታ። ጠጠር ሲመታ ነበር፤ ጠጠሩን ትቶ አባቴን አየው፤ ተያዩ። እኔ ሁለቱ ለማጠብ ሰንፈው ያታለሉኝ መስሎኝ አኮረፍኩ። ያን ዓመት ነጭ ፒክአፕ ሰፈር ውስጥ ዝግ ብላ ስትገባ እናቶች ልጆቻቸውን ጠርተው በር ይዘጉ ነበር። መጥተው የሚለቅሙት በእሷ ነው። አባቴ ልጁን በዚያ ቀለም ላይ ሊያስቀምጠው አልፈለገም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛዋን ልናይ ሆለታ የሄድነው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። መንገድ ላይ ወታደሮች ሚኒባሳችንን አስቆሙና ሁላችንንም አወረዱን። ከሁሉም የሌታን መታወቂያ ይዘው ቆዩ፤ አንዱ መታወቂያውን አይቶ ፊቱን ያያል፣ ፊቱን አይቶ መታወቂያውን ያያል። አባቴ እጄን ይዞኝ ነበር፤ በጣም ስለጨመቀኝ «አመመኝ» አልኩት። አልሰማኝም። ስንሳፈር ፎቶው የማይመስል ሆኖባቸው ነው ብዬ ሌታን አሾፍኩበት፤ እሱም «አዎ፣ አንቺን ነው የምመስለው» አለኝ። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም።

ሆለታ ያገኘናት ፒክአፕ ሰማያዊ ናት። አዲስ ቀለም ተቀብታ በዝናቡ ላይ ውሃው ኩልል እያለ ይወርድባታል። ከጋቢናዋ ጀርባ ወፍራም የብረት ቱቦ በቅስት ተበይዶባታል፤ ሦስት አግድም ብረት አለው፣ የቀኝ ማዕዘኑ ትንሽ ጎብጧል። ጭነት ሲደረደር ጋቢናውን እንዳይመታ ይይዛል ብሎ አባቴ በጣም ወደደው። ሻጩ ከእኛ ጋር እያወራ ስልኩን የሚያይ፣ ለማንኛውም ጥያቄ ከጥያቄው ቀድሞ የሚመልስ ሰውዬ ነበር።

«አምቦ ሠርታ ታውቃለች?» አለው አባቴ።

«አምቦ? ኧረ እሷ ከሆለታ ወዲያ ማዶ ዞር ብላ አታውቅም!» አለና ለእኔ ለስላሳ አስከፈተልኝ።

ፈዲሉ ማግኔቷን ከፊት እስከ ኋላ አስኬዳት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንድም ቦታ አልወደቀችም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጠረገውና አባቴን ጠራው። እኔም ተከተልኩ።

«ነጭ ነበረች» አለው ቀስ ብሎ።

አባቴ ጠርዙን ራሱ በጣቱ ነካው።

«ደግሞ ስቱኮ የላትም። ምንም አልተጋጨችም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነው። ግን ኦቦ ቀጀላ፣ ያልተጋጨ መኪና ለምን ሙሉ ቀለም ይቀባል?»

ሰውዬው ሰምቶ ሳቀ። «ለሽያጭ ነዋ! ሙሽራስ ስትዳር ትኳል የለ?» ፈዲሉ የጭነቱ ወለል ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ደግሞ አሳየ፤ በሁለት ረድፍ፣ ግራና ቀኝ፣ ብሎን የነበረባቸው። «የውሃ በርሜል ይታሰርባት ነበር» አለ ሻጩ። ዛሬ ቀዳዳዎቹን ሳያቸው ሁለት ረዥም አግዳሚ ወንበር በትክክል ይገባባቸዋል።

አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሌታን አየው። ሌታ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይቀመጣል። የዚያን ጊዜ እኔ መጠበቅ ሰለቸኝ። ጎማው ላይ ተረማምጄ ወጣሁና ብረቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ከዚያ ላይ ሁሉም ሰው ያንሳል፤ የአባቴ መላጣ ሳይቀር ይታየኛል።

«አባዬ ይቺን! ይቺን ነው የምፈልገው!» ብዬ ጮህኩ።

የአባቴ ፊት ሲፈታ አየሁ። «አየህ ፈዲሉ፣ ራሷ ወጣችባት» አለ። አባቴ ያን ቀን መንገድ ላይ ካየው በኋላ ሌላ አንድ ሳምንት መቆየት አይችልም ነበር፤ እሺ የሚልበት ምክንያት ይፈልግ ነበር፣ እኔ ሰጠሁት። ሊብሬውን ተቀብለን፣ ሌታ መሪውን ይዞ፣ ያኑ ቀን ተነሳን።

አምቦ መግቢያ ላይ ዝናቡ አባራ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ፈዲሉ ከኋላ ኮቴን እንዲይዘኝ ተደርጎ ብረቱን ጨብጬ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ያን ቀን በዓይነ ኅሊናዬ አሁንም ይታየኛል። በዋናው መንገድ ስንገባ ሌታ ክላክስ ነፋ፤ ደስ ብሎት ነው። ባጃጆቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉልን። በረንዳ ላይ የቆሙ ልጆች እኛን ሲያዩ ወደ ቅያሱ ገቡ፤ አንዱ ኳሱን እንኳን አላነሳም። አንዲት ሴት ልጇን በአንድ እጇ አፈፍ አድርጋ በሩን ዘጋች። ኦቦ ባይሳ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ እጄን ባወዛውዝለት አንገቱን ደፋ። እጅ የነሳኝ መሰለኝ። እኔ መኪና መግዛት ሰውን ይህን ያህል እንደሚያስከብር ባውቅ ኖሮ ለብስክሌት ባላለቀስኩ!

«ቁጭ በዪ» አለኝ ፈዲሉ።

«እምቢ!»

«ዱሬቲ፣ በአላህ፣ ቁጭ በዪ።» ፊቱ ሌላ ሆኗል። ቅናት መሰለኝና ጭራሽ ከፍ ብዬ ቆምኩ። ሰፈራችን ስንደርስ እትዬ አመለሸጋ ሱቋ በር ላይ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ልትደፋ ወጥታ ነበር። ሳፋው ከእጇ ወደቀ። ዝቅ ብላ ሳታነሳው ገባች። «እትዬ አመለሸጋ ሳትቀር ደነገጠችልን!» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሳፋው ሲንከባለል ያወጣውን ድምፅም አስመስዬ አሳየኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እንደዚያው ተረጎምኩት። ጫኝ አውራጆች ከሌታ መኪና አናወርድም ሲሉ እኛን ለማስቸገር አፍረው ነው። እናቴ የገባችበት ቤት ወሬ ዝም ሲል አክብረዋት ነው። ኦቦ ባይሳ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን መጥራቱን ሲተው የሀብታም ልጅ በከረሜላ መጥራት ከብዶት ነው። እንዲያውም አዘንኩለትና አንድ ቅዳሜ ሳልጠራ ሄድኩለት። በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ አልከፍትም ልጄ» አለኝ። ከኋላው ስንዴ እየተመዘነ ነበር።

መስከረም ውስጥ እናቴ ክብሪት ግዢ ብላ እትዬ አመለሸጋ ሱቅ ላከችኝ። እትዬ አመለሸጋ ድሮ ሳንቲሙን ሳትቆጥር የምትቀበለኝ፣ ጉንጬን ቆንጥጣ «የኔ ቀበጥ» የምትለኝ ሴት ናት። ያን ቀን ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች። ከስታለች። ምን እንደጎደላት የማውቅ መሰለኝ፤ አጽናናኋት።

«እትዬ፣ ታምራትም ድኖ ሲመጣ አንቺም እንደኛ ያለ መኪና ግዢለት። እኔ ራሴ እመርጥልሻለሁ።»

አየችኝ። «ሂጂ ልጄ» አለችኝና ከባንኮኒው ወጥታ፣ ፀሐይ አናት ላይ እያለች ሱቋን ዘጋች። ቁልፉ አልገባላት ብሎ ስትታገል እኔ እየዘለልኩ ቤት ገብቼ «እትዬ አመለሸጋ ቀንታ ሱቋን ዘጋች!» አልኩ።

«ምን አልሻት?» አለች እናቴ።

ነገርኳት። እናቴ መትታኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልመታችኝም። ነጠላዋን ሳትለብስ ወጣች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት በእትዬ አመለሸጋ ደጅ ቆማ ስታንኳኳ፣ ስታንኳኳ፣ ከዚያ ማንኳኳቱን ትታ በሩን በግንባሯ ተደግፋ ቀረች። አልተከፈተላትም። ስለዚያ ቀን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። እናቴ ተመልሳ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአባቴ «ፈዲሉን ጥራው» አለችው።

ፈዲሉ ሲመጣ እኔ መኪናው ጋቢና ውስጥ ሹፌር ሹፌር ስጫወት ደክሞኝ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ነበር፤ አላዩኝም። አባቴ፣ ሌታና ፈዲሉ የመኪናዋ በር አጠገብ ቆመው ተነጋገሩ።

«ከመጣን ቀን ጀምሮ ልነግርዎ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለ ፈዲሉ። «ሰው አውቋታል። ቀለሟን ቢቀይሩም ያ የጎበጠ ብረት አለ። ካቻምናና አምና ልጆቹን ስትለቅም የነበረችው እሷ ናት። ተከራይተዋት ነው። ታምራትንም የወሰዱት በእሷ ነው፤ እናቱ ከኋላ ተንጠልጥላባት አስፋልቱ ላይ ነው የጣለቻት።»

አባቴ እጁን የጎበጠው ብረት ላይ አሳረፈ።

«እና ሰው ምን ይላል?» አለ ሌታ።

«ያን ሳምንት ሌታ ለምን ሸነን ተገኘ፣ ለምንስ እሱ ተረፈ ይላሉ። መኪናዋም ሽልማቱ ናት ይላሉ።»

«ነጩን ሸሽቼ...» አለ አባቴ። «እኔ እኮ ነጩን ሸሽቼ...» ሳይጨርስ ግቢው ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ረጥቦ ነበር። ዝናብ ስለነበር ምንም አላሰብኩም። ነገሩም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ፤ መኪናችን ከእኛ በፊት ለሌሎች ሰዎች ሠርታ እንደነበርና ሰው በዚህ እንደተናደደብን። ለሌላ ሰው የሠራ መኪና መግዛት ምን ያናድዳል?

«ነገ ወስጄ እሸጣታለሁ» አለ አባቴ።

«ብንሸጣት ሽልማታቸውን በልተው ደበቁ ይሉናል» አለ ሌታ። «ብረቱን ብናስቆርጠው ደግሞ አፈሩ ይሉናል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ አባቴ።

«እነዳታለሁ። ታምራት እስኪመጣ እነዳታለሁ። እሱ ነው የሚያውቀው።»

«ታምራት ባይመጣስ?»

ሌታ በሩን ሲከፍት እኔን አገኘኝ፤ አልተቆጣም፤ ከወንበሩ አንስቶ መሬት ላይ አቆመኝና ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ ብረቱን ይዤ መቆም ተከለከልኩ። ቆማ ባለችበት፣ ግቢ ውስጥ፣ ብቻ ተፈቀደልኝ።

ወንድሜ ከመስከረም እስከ የካቲት ብቻውን ነዳ። ከሸነን ሞልቶ ይመጣል፣ አምቦ የሚቀበለው አጥቶ ራሱ ያወርዳል። ኅዳር ላይ የጎኑ መስኮት መስተዋት ተሰብሮ መጣ። «ከፊቴ ካለ መኪና ጎማ ጠጠር ተፈናጥሮ ነው» አለኝ፤ ስብርባሪውን አብረን ለቀምን። የእጄን መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ወንበሩ ሥር አግኝቼ ወረወርኩት፤ ምን እንደሆነም አልጠየቅሁም። አንዳንድ ቀን ሞተሩን አጥፍቶ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፤ አይወርድም። እናቴ በመስኮት ታየዋለች፤ አትጠራውም። ሌታ አንድ ቀን እንኳን «አንቺ ነሽ የመረጥሽብኝ» አላለኝም።

የካቲት ላይ ከተማው በአንድ ጊዜ ተገለባበጠ። እስረኞች ተፈቱ ተባለ። ፉጨት፣ ጭፈራ፣ ሰው በባጃጅ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ወጥቷል። ለእኔ «ታምራት ድኖ መጣ» አሉኝ። ቤታቸው ሲሞላና ሲጎድል በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። እኛ አልሄድንም። እናቴ ዳቦ ጋግራ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ሁለት ጊዜ እስከ በር ደርሳ ተመለሰች። ዳቦው ደረቀ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እኔ ብረቱን ይዤ መኪናው ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ ከፈተች። ታምራት ነው። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ሰፍቶታል። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ አቅፎ ሳማትና ከትከሻዋ በላይ መኪናዋን አያት፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ሌታ ከቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። እንደማይተዋወቅ ሰው ተያዩ።

«ሰው ያወራውን ሰማሁ» አለ ታምራት።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለ ሌታ።

«እኔ የጠቆመኝን እዚያው አገኘሁት። እሱንም ወር ሳይቆይ አስረውታል። አልቅሶ ይቅርታ ጠይቆኛል። አንተ ምን አገባህ?»

ሌታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ለሰው ንገርልኝ» አለ። «በእናትህ፣ ለሰው ንገርልኝ።»

«ለስንቱ? ቤት ለቤት?» ታምራት ወደ መኪናዋ መጣ። «ዛሬ ገበያ ነው። አስነሳት።»

«ምን ልታደርግ?»

«አስነሳት አልኩህ እኮ!»

እጁን የመኪናዋ ኋላ ላይ አደረገ፤ አነሳው፤ መልሶ አደረገ። መውጣት ያቃተው መስሎኝ «እግርህን ጎማው ላይ አድርገህ ነው የሚወጣው» ብዬ አስተማርኩት።

«አውቃለሁ ዱሬ» አለኝ።

ወጣ። አጠገቤ ደርሶ «ቦታሽን ልቀቂልኝ» አለኝ። ቦታዬ! እምቢ አልኩ፣ ብረቱን አቀፍኩ። አምስት ወር ገበያ መሐል ልቆምበት የለመንኩትን ቦታ አንድ ከበሽታ የተነሳ ልጅ በአንድ ጠዋት መጥቶ ሊወስደው ነው። ሌታ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቆ፣ ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። እየጮህኩ ነበር ከግቢ የወጣነው።

ሌታ እንደ ሰው እርምጃ ነበር የሚነዳው። እኔ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ በኋላው መስተዋት ታምራትን አፈጠጥኩበት። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሱሪው ሲርገበገብ ይታየኛል። በስተቀኝ በኩል የጎበጠውን ማዕዘን ነበር የጨበጠው፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ከፍታ እየፈራ የኔን ቦታ መውሰዱ ይበልጥ አናደደኝ፤ ምላሴን አወጣሁበት። አላየኝም። ወደ ፊት ብቻ ነበር የሚያየው።

እትዬ አመለሸጋ ከሱቋ ወጣች። ልጇን በዚያች መኪና ላይ ቆሞ ስታየው ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና እደጃፏ ላይ ዘጭ አለች። ድምፅ አላወጣችም። ታምራት «እማዬ፣ ተነሺ፣ ከሌታ ጋር ነኝ» አላት፤ ጮክ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለቴ መታ፤ ሌታ ነዳ። ሌታ እያለቀሰ ነበር የሚነዳው፤ አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል። እኔም አለቅስ ስለነበር የሚወዳደረኝ መሰለኝ።

ገበያው ውስጥ ስንገባ ሰው መገበያየቱን ተወ። እንደ በፊቱ ግን ማንም አልሸሸም። ቆመው ታምራትን አዩት፣ ብረቱን አዩት፣ ጋቢናው ውስጥ ሌታን አዩት። ማንም አላጨበጨበም። ኦቦ ባይሳ መጋዘን ፊት ስንደርስ ሌታ ቆመ። ሽማግሌው ቀርቦ በተሰበረው መስኮት በኩል ሌታን ትክ ብሎ አየው። በመጨረሻ «ልጄ ሌታ፣ ሁለት ጆንያ ስንዴ አለኝ፤ ጉደር ታደርስልኛለህ?» አለው። ሌታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ጫኝ አውራጆቹ ሳይጠሩ መጡ። ጆንያዎቹ ሲያርፉ መኪናዋ ዝቅ ስትል ተሰማኝ።

የዚያን ጊዜ ታምራት ወርዶ ከመጋዘኑ ጀርባ ሲሄድ አየሁት። ቦታዬን ማስመለሻው ጊዜ መጣልኝ ብዬ በሩን ከፍቼ ተከተልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ያስመልስ ነበር። የሚያወጣው ነገር የለውም፤ ባዶ ሆዱን ነው። አላዘንኩለትም። ይህን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል፤ ጠዋት ሙሉ ያጠራቀምኩትን በአንድ ቃል ወረወርኩበት።

«ፈሪ!» አልኩት።

አፉን በእጅጌው ጠርጎ ዞር አለ። የተቆጣ አይመስልም።

«አዎ ዱሬ፣ በጣም» አለኝ። ከዚያ የመመለሻው መንገድ ይቀር ስለነበር፣ ሄዶ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ እንደገና ወጣ።